የቤቱ ተራ

ሙላቱ ደክሞታል። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ ኋላ ያደረገው ሲሰማ ጀግና ነው የሚል እንዳይመጣ። ጀግና አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

ለነገሩ በዚያ ዘመን ከግራና ከተማ በላይ ባለችው ቀበሌ ያልደከመው ማን ነበር? የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ካለፈ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከብቱ አልቋል፣ ሰው ተመናምኗል፣ የተረፈውም እፎይ ሳይል ይጠራል። ለስብሰባ ይጠራል፣ ለእርከን ሥራ ይጠራል፣ ለማኅበሩ እርሻ ይጠራል፣ ፊደል ቁጠር ተብሎ ይጠራል። የሚጠራው በአባወራው ስም ነው። የሚሄደው ግን ከቤቱ ማንም ይሁን ማን ነው፤ አባወራው ቢታመም ሚስቱ፣ ሚስቱ አራስ ብትሆን እህቷ፣ ብቻ ስሙ ሲነሳ «አቤት» የሚል ሰው ይኑር። ፊት አይቶ የመለሰ ሊቀመንበር ታይቶ አይታወቅም። ተራው የሰውየው አይደለም፤ የቤቱ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ደሳለኝ ሳንባውን ታሞ ከተኛ ወዲህ፣ «ደሳለኝ» ተብሎ ሲጠራ «አቤት» የሚለው ሙላቱ ነበር። ድንጋዩን የሚሸከመው እሱ፣ ስብሰባ ላይ እያንቀላፋ የሚያጨበጭበው እሱ፣ የማኅበሩን ማሽላ የሚያርመው እሱ። ሲመሽ ቤት ይገባና መደቡ ላይ ወንድሙ ሲያስል እያዳመጠ የደብሪቱን ንፍሮ ይቆረጥማል። ደብሪቱ የደሳለኝ ሚስት ናት። እሷም ደክሟታል፤ ግን ለመድከም እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

ሙላቱ የራሱ ስም አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በድርቁ ዓመት ለሰፈራ ተጭኖ ወለጋ ወርዷል። እዚያ ወባው ሰውን እንደ ቅጠል ሲያረግፈው አይቶ መረረውና ጠፋ፤ ያን ሁሉ አገር በእግሩ አቋርጦ፣ እየለመነ፣ እየተደበቀ ተመለሰ። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን አሁንም ወለጋ ነው ያለው። ከሰፈራ የጠፋ ሰው ከተገኘ መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ወልድያ ይጫናል፣ ከወልድያ ወደ ውትድርና ማሠልጠኛ። የዙሩ ኮታ ያልጎደለበት ቀበሌ አልነበረምና ሰው ሲገኝ ደስታው ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ካሳሁን ይህን ሁሉ ያውቃል። ከደሳለኝ ጋር አብሮ አደግ ነው። ሙላቱ በተመለሰ ሰሞን አጥር ጥግ ድንገት አገኘውና ወዲያ ወዲያ እያየ እንዲህ አለው፦

«አላየሁህም። ደሳለኝ ሲባል አቤት የሚል ሰው አያለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ብቻ ስምህን እኔ ፊት እንዳትጠራ። የጠራህ ዕለት ሰማሁ ማለት ነው። ከሰማሁ የሚሆነውን ታውቃለህ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንዲያ ሆነው ከረሙ።

እንግዲህ በጥቅምት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ራጅ የተገጠመበት ትልቅ መኪና ይዘው መርሳ ከተማ መጡ። የሳንባ ነቀርሳን እናጠናለን አሉ። ከመኪናው ኋላ ጀኔሬተር ይንጫጫል፤ ሰው እየገባ ደረቱን ከሳንቃ ያስጠጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ይወጣል። ያን ጊዜ ደሳለኝ ራሱ በቅሎ ተውሶ ወርዶ ራጅ ተነሳ። ከሳንባው አናት ላይ ቀዳዳ ተገኘበት። ጥናቱ ውስጥ አስገቡትና ሽንት የሚያቀላ ቀይ ኪኒን ታዘዘለት፤ ደብሪቱ በየሳምንቱ መርሳ እየወረደች ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ትቀበልለታለች። ያ ኪኒን በየትም የማይገኝ ነው ይባል ነበር። እውነትም ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ደም ሲተፋ የከረመ ሰው ገና ሳይውል ሳያድር ደሙ ቆመለት። ላቡ ቀነሰ። ምግብ ጠየቀ፤ ምግቡ ነው እንጂ የጠፋው። ጉልበቱ ግን እሺ አላለውም። ከመደቡ እስከ ደጃፉ፣ ሲበረታ እስከ አጥሩ፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

መጋቢት ላይ ድሬሰሩ ለደብሪቱ፣ «መኪናው ተመልሶ መጥቷል፤ ሁለተኛውን ፎቶ ያልተነሳ ሰው ኪኒን አይሰጠውም» አላት። ራጁን አገሬው ፎቶ ነው የሚለው።

በቅሎዋን ባለቤቷ ሐራ ገበያ ወስዶ ሸጧታል። በቃሬዛ እናውርደው እንዳይባል ስምንት ሰው ይፈልጋል፤ ሰዉ ሁሉ እርከን ላይ ነው። ደብሪቱ ካሳሁንን ለመነችው፤ «ለፎቶ ብዬ ስምንት ሰው ከሥራ ላንሳ? ወረዳው ሲይዘኝ እኔንስ ማን ያነሳኛል?» አላት።

ሦስቱ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ሂድልኝ እንግዲህ» አለ ደሳለኝ ከመደቡ፣ እንደወትሮው።

«ፎቶው ግን የእሱ ደረት አይደል እንዴ?» አለች ደብሪቱ። ለጠብ ሳይሆን እንዲያው ሐሳቡ መጥቶባት ነው።

«ተራው የቤቱ ነው፣ እትዬ» አላት ሙላቱ። «ሰው መጣ አልመጣ ነው የሚያዩት። ደግሞ ትንፋሽ መያዝ ድንጋይ ከመያዝ ይሻላል።»

ደብሪቱ ፈገግ አለች። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ማንም ማንንም ላታልል አላለም። ስብሰባውንም፣ እርከኑንም፣ ፎቶውንም የሚጠራው ያው አንድ መንግሥት ነው፤ ያው መንግሥት ደግሞ ለደሳለኝ ፊት ደንታ ኖሮት አያውቅም። ደረቱንስ ለይቶ ያያል ብሎ ማን ያስብ?

መርሳ ላይ ሰልፉ ከዋርካው ሥር ተጠምጥሟል። ከወልድያ የመጣው የራጅ ሠራተኛ ሃይላይ ጨረሩን የሚከላከልበትን ከባድ የእርሳስ ሽርጡን አንጠልጥሎ ሰዉን ተራ በተራ ያስገባል። አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ ጨው የነገዱ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ እዚያው አርጅቶ ሊሞት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚለው ነገር አንድ ነው። «ሸሚዝህን አውልቅ። ማተብህን ወደ ኋላ አዙር። አገጭህን እዚህ። ሳብ። ያዝ። ውጣ።» ቀና ብሎ ፊት አያይም፤ ስንቱን ፊት ይየው?

«ደሳለኝ» አለ ሃይላይ።

«አቤት» አለ ሙላቱ። ሳበ። ያዘ። ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ተጠራ። ዶክተር ጽጌ የምትባለው የጥናቱ ኃላፊ ከመኪናው አጠገብ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ናት። ከአዲስ አበባ ከወጣች ከራርማለች፤ ከንፈሯ በአቧራና በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ ድምፅዋ ጎርንኗል። ካሳሁን የቀበሌውን ሰዎች ይዞ የወረደ ነውና ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል፤ አጠገቡ ከወረዳ የተላከ ሚሊሺያ ጠመንጃውን ተደግፎ ያዛጋል።

«ደሳለኝ፣ ና እስቲ እይ» አለችው ዶክተሯ። ከኋላው መብራት በበራ ነጭ መስታወት ላይ ሁለት ፊልም ሰካች። «ይኼ የጥቅምቱ ነው። ይኼን ክብ ነገር ታየዋለህ? ቀዳዳው ነው። ይኼኛው ደግሞ የዛሬው። ቀዳዳው አለ?»

ሙላቱ አየ። «የለም።»

«የለም» አለች እሷም። ልትስቅ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በመዳፏ ጀርባ ጠረገችው። «እስካሁን እንዲህ ድርግም ብሎ የተዘጋ አላየሁም። የቀነሰላቸው አሉ፣ የባሰባቸው አሉ፣ የሞቱብኝ አሉ። ሙሉ በሙሉ የዳንክልኝ አንተ ብቻ ነህ። በል እንግዲህ ኪኒኑ በቃህ። ከዛሬ ጀምሮ አትወስድም፤ ያንተ ድርሻ ለሌላ በሽተኛ ይሆናል።»

ካሳሁን አጨበጨበ። ልማድ ነው። ጭብጨባው መሐል ላይ ግን ዓይኑ ከሙላቱ ዓይን ጋር ገጠመና እጁ ቀዘቀዘ፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን አቧራ ማራገፍ ያዘ።

ሙላቱ ፊልሞቹን ዳግም አየ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ፎቶው እንደ ስብሰባው ተራ መሸፈኛ አልነበረም። ኪኒኑን የሚሰጠውም የሚነሳውም ፎቶው ነው። እሱ ጤነኛ ደረቱን ይዞ ቆሞ የወንድሙን መድኃኒት ከአፉ ነጥቆታል።

«ዶክተር» አለ፣ «ኪኒኑ ትንሽ ቢቀጥልስ?»

«ለምን? ድነሃል እኮ።»

«እንዲያው... ቢቀጥል።»

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። ደስታዋ አንድ አፍታ እንኳ ሳይቆይላት ነው። «ስማ ወንድሜ» አለች፣ «ይህን ኪኒን ወልድያ ወስደው የሚሸጡ እንዳሉ አውቃለሁ። ድኖ የሚለምነኝ ያንተ አይነቱ የመጀመሪያዬ አይደለም። አትድከም። ቀጣይ።»

ወጣ። ምን ያድርግ? አስፋልቱን ተሻግሮ ብርቱካን ከደረደሩ ሴቶች አለፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከውርጌሳ በኩል የመጣ የእህል መኪና አቧራውን አልብሶት አለፈ። ቤት ገብቶ ምን ይላል? ጋሼ፣ ድነሃል ተብሏል ይበለው? ቤት ያለው ኪኒን ጥቂት ነው። ሲያልቅ ሳሉ ይመለሳል፣ ከሳሉ ኋላ ደሙ ይመለሳል፤ ደሙ ሲመጣ የነበረውን ሽታ ሙላቱ አልረሳውም።

ደግሞ ተናደደ። በደሳለኝ ተናደደ። ሂድልኝ፣ ሂድልኝ፣ ዕድሜ ልክ ሂድልኝ! አንድ ቀን እንኳ ተጎትቶም ቢሆን ራሱ ቢሄድ ምን ነበረበት? እኔስ ሰው አይደለሁም? ንዴቱ ግን አልቆየለትም። ንዴትም አቅም ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

እውነቱን ልናገር ቢል፣ ካሳሁን በሩ ላይ ነው። ሚሊሺያው በሩ ላይ ነው። አንተ ታዲያ ማን ነህ መባሉ አይቀርም። ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ቢወጣ ነገ እርከኑ ላይ ነው፤ ማንም የሚነካው የለም። የሚሞተው ደሳለኝ ነው፤ የሚሞተውም ቀስ ብሎ ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሙላቱ ይህን ሁሉ አሰበ። አላሰበም ማለት ውሸት ነው። ግን በደሳለኝ ስም እየኖረ፣ ደሳለኝን በደሳለኝ ስም ቀብሮ፣ ሲጠራ አቤት ማለቱን ሊቀጥል ነው? ይኼ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ተነሳ።

ዶክተሯ እጇን እየታጠበች ነበር።

«ያ ደረት የደሳለኝ አይደለም» አላት። «የዛሬው የእኔ ነው። ደሳለኝ ወንድሜ ነው፤ ቤት ተኝቷል። መውረድ ስላቃተው የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ውኃው ከእጇ ላይ እየተንጠባጠበ አየችው። አላመነችውም። «አሁን ደግሞ ወንድም መጣ» አለች፣ ድካሟ ከቁጣዋ በልጦ። «ኪኒኑን ለማግኘት የማትፈጥሩት የለም።»

«የጥቅምቱን ያውጡልኝ» አለ ሙላቱ። «የትከሻውን አጥንት ይዩት፣ አንገቱ ሥር ያለችዋን ቀጭኗን። የግራውን። ተሰብሮ ወጌሻ ያሸው ነው፣ ተጣሞ ነው የገጠመው። ልጅ ሆኜ ወንዝ ሲሞላ ተሸክሞ ሲያሻግረኝ ድንጋይ አዳለጠው። እኔን ላለመልቀቅ ብሎ በትከሻው ነው የወደቀው። ይዩት፤ እዚያ ከሌለ ውሸታም ይበሉኝ።»

ዶክተሯ ሁለቱን ፊልም መልሳ ሰካች። ሳንባ ሳንባውን ስታይ ዓይኗ አልፎት ነበር። በጥቅምቱ ፊልም ላይ የግራው አጥንት መሐሉ ላይ እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጧል። በዛሬው ላይ ያው አጥንት ቀጥ ያለ ነው፣ የተነካም አይመስል።

ሙላቱም አየው። ያቺን ቋጠሮ ያውቃታል፤ ተሸክሞ ሲወስደው እጁን የሚያሳርፍባት እሷ ላይ ነበር። ወንድሙ ቆዳው ተገፎ፣ ስጋው ጠፍቶ፣ በመብራት ውስጥ ቆሞለታል። እንባውን መያዝ አልቻለም፣ አልያዘውምም።

ዶክተሯ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«የዳነ አንድ ብቻ ነበረኝ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቆይ፤ ሌላውስ? ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው እንዲህ ለሌላ ሰው የመጣ?»

ካሳሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ ዶክተር» አለ። «ያስለመድናቸው እኛ ነን። ስም ስንጠራ ሰው ከመጣ ይበቃናል። ማን መጣ ብለን ጠይቀን አናውቅም።»

ሃይላይ በሽቦ ላይ ተሰጥተው የሚደርቁትን ፊልሞች አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር። ማንም አውርድ አላለውም። የማን ደረት እንደሆነ የማይታወቅ የብዙ ወር ሥራ ነው፤ እየተደራረበ ወደ ካርቶኑ ገባ።

«ይሁን» አለች ዶክተር ጽጌ። «ወንድምህ ኪኒኑ አይቋረጥበትም። ግን ራሱ መነሳት አለበት፣ እስከ ነገ ከሰዓት እዚህ ነን።» የዛሬውን ፊልም ነቅላ ያዘች። «ይኼኛውን ስሙን ላርመው። አንተ ማን ትባላለህ?»

ካሳሁን ከሚሊሺያው ጎን ቆሞ ሙላቱን አየው፤ እባክህ የሚል አስተያየት ነበር። ሚሊሺያው ባይኖር ጆሮ ዳባ ልበስ ይል ነበር። ሌላ ስም ጥራ፣ ያገኘኸውን ጥራ ይለዋል በዓይኑ። ሙላቱም ገብቶታል። ቀላል ነበር። ግን ገና አሁን፣ እዚችው ላይ፣ በሰው ስም መቆም ምን እንደሚያደርግ አይቷል። ሰልችቶታልም።

«ሙላቱ» አለ። «የደሳለኝ ታናሽ ነኝ። ወለጋ የሄድኩት።»

ሚሊሺያው ማዛጋቱን ተወ።

«ሰማሁ» አለ ካሳሁን፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ጋሼን ላውርደው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ። አልጠፋም።»

ካሳሁን ዋስ ሆኖ ለሌሊቱ አስለቀቀው፤ በማግስቱ ረፋዱ ላይም ስምንት ሰው ከእርከን አነሳ። እንዲያውም ሰባት ነው ያነሳው፤ ስምንተኛው ራሱ ነበር። የቃሬዛውን የኋላ እግር ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሰዎቹ ዞር ዞር ብለው አዩት። «ለጥበቃ ነው» አላቸው። ሙላቱ ከፊት ነበር። ደብሪቱ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፤ የሆነውን ሁሉ ነግሯታል፣ አላለቀሰችም። ሌሊቱን ቆሎ ስትቆላለት አድራ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች።

መርሳ ሲደርሱ ሃይላይ ከመኪናው ደረጃ ላይ ወጥቶ ጠራ።

«ደሳለኝ።»

የሙላቱ አፍ ተከፈተ። ልማድ ክፉ ነው። ድምፁ ሳይወጣ ከቃሬዛው ላይ ቀጭን፣ ሻካራ ድምፅ ቀደመው።

«አቤት» አለ ደሳለኝ።

ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡት። ሃይላይ በዚያን ቀን ቀና ብሎ ፊቱን አየው፤ ከዚያም ከሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ ሲያይ ዋለ።

ፊልሙ እርጥብ ሳለ ዶክተሯ ደብሪቱን አስጠግታ አሳየቻት። ክቡ አለ። «ጠቧል» አለች። «አልተዘጋም። ግን ጠቧል። ኪኒኑ ቢቋረጥ ኖሮ መልሶ ይሰፋ ነበር።» ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ከትናንቱ ደስታ እፍኝ የምታህል ተመልሳ ነበር። ኪኒኑን ራሷ ቆጥራ ለደብሪቱ ሰጠቻት።

እህል አራግፎ ወደ ወልድያ የሚመለስ መኪና መንገዱ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ሚሊሺያው ሌሎች ልጆችንም ከየቀበሌው ሰብስቦ ጭኗል። ሙላቱ ቃሬዛው ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። ወንድማማቾቹ ብዙ መነጋገር አያውቁበትም።

«የኔን ተራ ሁሉ ሄድክልኝ» አለ ደሳለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ያንተን ተራ እኔ አልሄድልህም። አልችልም።»

«ይኼኛው የቤቱ አይደለም» አለው ሙላቱ። «የኔ ነው። አንተ ኪኒንህን ዋጥ።» እጁን ልጅ ሆኖ ያሳርፍበት በነበረው ቦታ አሳረፈ፤ ቋጠሮዋ እዚያው ናት። ደብሪቱ ቆሎውን በኪሱ ከተተችለትና ጉንጩን ስማው ዞረች።

ሚሊሺያው መኪናው ላይ ቆሞ ስም መጥራት ጀመረ። የተጠራው ሁሉ አቤት እያለ ይወጣል።

«ሙላቱ» አለ።

መልስ የለም።

«ሙላቱ!»

ሙላቱም ከሌላው ሰው ጋር ዞር ዞር አለ፤ የተጠራው ማን እንደሆነ ሊያይ። ካሳሁን ከኋላው መጥቶ ክንዱን ያዝ አደረገው።

«አንተን ነው» አለው ቀስ ብሎ።

«አቤት» አለ ሙላቱ፤ መኪናው ላይ ወጣ።